ባለ አንድ ፔዳሉ ብስክሌት

ሞጣ ገበያ ዳር፣ ከጨው ተራው ጀርባ፣ ሐምዱ የሚባል ብስክሌት ሠሪ ነበር። ሠሪ ስል ጎማ ለጣፊ ማለቴ አይደለም፤ ጎማ የሚለጥፍማ ሞልቷል። ሐምዱ ቴላዮውን፣ የብስክሌቱን አጥንት ራሱን፣ ከቱቦ ቆርጦ፣ በሞረድ አስተካክሎ፣ በከሰል እሳትና በናስ አጋጥሞ የሚያቆም ሰው ነበር። ሙያውን የተማረው አስመራ ነው። በልጅነቱ ከነጋዴ አጎቱ ጋር ሄዶ አንድ ሽማግሌ ጣሊያን ዘንድ ተቀጠረ፤ የእሽቅድምድም ብስክሌት ሲሠራ እያየ፣ በኋላም ራሱ እየሠራ እዚያው አደገ፤ እዚያው አገባ። ጦርነቱ ከተማው በር ላይ ሲደርስ ሚስቱን ኸይራትንና ጥርሱን በመቀየር ላይ የነበረውን አንድ ልጁን ሙሐመድሁሴንን ይዞ ወደ አባቶቹ አገር ተመለሰ። ከዕቃው ሁሉ ያተረፈው የብረት መያዣ ሞርሳውን፣ የብረት መቁረጫ ሰጌቶውንና ሞረዶቹን ነበር።

ሞጣ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳው ጥቂት ሰው ነው፤ መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ሰዎች፣ የነጋዴ ልጆች። ጥቂትም ቢሆኑ አምሮታቸው እንደ ዘመኑ ይለዋወጥ ነበር። መጀመሪያ የአስመራውን ዓይነት ፈለጉ፤ አጠር ያለ፣ ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠመዘዘ፣ ነጂው መሬት መሬት እያየ የሚሄድበት። አብዮቱ ጠና ሲል ጎንበስ ብሎ መንዳት የቡርዧ ጠባይ ነው ተባለና ሁሉም እንደ ቻይናው ረጅምና ቀጥ ያለ፣ የላይኛው ቱቦው ድርብ የሆነ ሥራልን አለ። ሁለተኛው ቱቦ ክብደት ከመጨመር በቀር ጥቅም እንደሌለው ሐምዱ ያውቃል፤ ግን ሠራላቸው። ድርቁ ሲመጣ ደግሞ ኋላው የረዘመ፣ ጀሪካንና ጆንያ የሚችል ሰፊ መጫኛ ያለው ተፈለገ። ከዚያ አንዱ ባሕር ዳር ያየውን አወራና የላይኛው ቱቦ እንደ ደጋን ይጉበጥልን ሆነ። ሐምዱ ለሁሉም «እሺ» ይላል። ከራሱ የሚጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቱቦ ከቱቦ የሚጋጠምበትን የብረት እጀጌ ጫፉን እንደ ወይራ ቅጠል አሹሎ ይሞርደዋል። ለምን እንደሆነ የጠየቀው ሰው የለም።

ቀለሙ ግን የልጁ ነበር። ሙሐመድሁሴን ከፍ ሲል ከትምህርት ቤት መልስ አባቱ ዘንድ እየዋለ መቀባት ለመደ። ከፍየል ጠጉር ራሱ በሠራት ብሩሽ በቱቦው ርዝመት ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ያወርዳል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ደብረ ወርቅ ድረስ «ይህ የሐምዱ ልጅ ቀለም ነው» ይባል ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሳ መጡ። ወጣቱ ሁሉ ወደ ባሕር ዛፉ ሲሮጥ ሙሐመድሁሴን አልሮጠም፤ አንድ ቴላዮ በሽቦ ሰቅሎ እየቀባ ነበር። «ይህን ልጨርስና እመጣለሁ» አላቸው አሉ። እጁ ላይ ቀለም እንዳለ ይዘውት ሄዱ። ሐምዱ በዚያች ሰዓት ወናፉ አጠገብ ናስ ያፈስ ነበር። ናስ መፍሰስ ከጀመረ እጅ አይነሣም፤ ከተነሣ መጋጠሚያው ይበላሻል። ልጁን ሲጠሩት ሰምቷል፤ ለአንድ ነገር ፈልገውት ነው፣ ይመለሳል ብሎ ነው ያሰበው። ጨርሶ ቀና ሲል ታፋሾቹ ከጨው ተራው ታጥፈዋል። ተከትሎ ሮጦ ሲደርስ ኤንትሬ የጭነት መኪናው ላይ ጭነዋቸው ተንቀሳቅሷል። ከጎኑ ብረት በላይ የሚታየው የሰው ራስ ብቻ ነው። የልጁን ራስ ከሌላው መለየት አልቻለም።

ከታጠቅ ማሠልጠኛ አንድ ጊዜ በሰው ሰላምታ መጣ። ከዚያ በኋላ ምንም።

ሐምዱ አላለቀሰም፤ መርዶው ላልተነገረ ሰው አይለቀስም። ይሠራ ነበር። ሲሰጡት ይበላል፤ ሲጠሩት ይመጣል፤ ለጁምዓ መስጊድ ይሄዳል፤ ሲጠየቅ ይመልሳል። ኸይራት መጀመሪያ ላይ «እንዲህ ድንጋይ አትሁን፤ ስደበኝም ቢሆን» ትለው ነበር። በኋላ እሷም ተወችው። ቴላዮዎቹን ግን ቀለም አልቀባም አለ። የዝገት መከላከያውን ቀይ ቀለም እንደ ነገሩ ያለብሳቸውና ለባለቤቱ ያስረክባል።

የመጀመሪያውን የተረከበው ደምለው የሚባል ወጣት የሒሳብ መምህር ነበር። አገላብጦ አየው።

«ጋሼ ሐምዱ፣ ይሄ አዲስ ዲዛይን ነው አይደል? እንዲሁ ቀዩ ብቻ?»

«ነው» አለ ሐምዱ።

«ያምራል። ኮስተር ያለ ነው።»

ክረምቱ ሲወጣ የሞጣ ብስክሌተኛ ሁሉ «እንደ ደምለው ደረቅ ቀይ» እያለ ማዘዝ ጀመረ። ባለ መስመሩን አስቀድመው የገዙት እንኳ ጊዜው ያለፈበት መሰላቸውና ቀለሙን ፍቀህ ቀይ አድርግልን ብለው እየገፉ አመጡለት። ሐምዱ ፋቀው። ልጁ ያወረዳቸው መስመሮች በአሸዋ ወረቀቱ ሥር ነጭና ቢጫ ዱቄት እየሆኑ እግሩ ሥር ወረዱ። ኸይራት ምሳ ይዛለት መጥታ ይህን አየች። ሳህኑን ሞርሳው አጠገብ አስቀመጠችና ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። እሱ እስከ ማታ ሲፍቅ ዋለ። ምሳው እንዳለ ቀረ።

በ1981 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አንዲት ሴት ከጭነት መኪና ወርዳ ሱቁን እየጠየቀች መጣች። ጠይም፣ ረዘም ያለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ናት።

«ብስክሌት የሚሠሩት ጋሼ ሐምዱ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ይርጋነሽ እባላለሁ። ከቢቸና ነው የመጣሁት፤ ወንድሜ ልኮኝ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ነው። ግራ እግሩ የለም።»

ሐምዱ ሞረዱን አስቀመጠ። «ብስክሌቱን ምን ሊያደርገው ነው?»

«እንቁላል ሊነግድበት። ከገጠር እየሰበሰበ ከተማ ሊያመጣ። ማረስ አይችል፤ መቀመጡን እምቢ አለ። በክራንች እንዳይሄድ ክራንቹ ጥቁር አፈሩ ውስጥ ይሰምጥበታል። ብስክሌት ሲል ሰው ሁሉ ሳቀበት። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄበታለሁ።»

«በአንድ እግር ይነዳል። አስመራ አይቻለሁ።»

«እሱም እንዲሁ ነው ያለኝ። ‹ሞጣ ያለ አንድ ሰው ይችለዋል፤ ሌላ ዘንድ እንዳትሄጂ› ብሎ።»

«በምን አወቀኝ?»

«ጠየቅሁት፤ አልነገረኝም።»

ሐምዱ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጠርጎ ከጨረሰ በኋላም ይጠርግ ነበር። «ይምጣ» አለ በመጨረሻ። «ሳልለካው አልሠራም።»

ፋንታ በቀጣዩ ሳምንት መጣ። ከመዝመቱ በፊት ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ይቆጥር የነበረ፣ ቀጭን፣ ዐይነ ትልቅ ወጣት ነው። የጫኝ አውራጆች እጅ ከጋቢና አወረደው፤ ክራንቹን ብብቱ ሥር አድርጎ ሱቁ ድረስ ራሱ መጣ። ደፉ ላይ ቆሞ ሐምዱን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወናፉን አየ፤ ሞርሳውን አየ፤ ባዶውን የሽቦ መስቀያ አየ። ሰው ሲነገረው የኖረውን ቤት እንደሚያይ ነው ያየው።

«ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ» አለ።

ሐምዱ ከማን ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም። ሲባጎውን አነሣና «ተቀመጥ፤ ክንድህን ዘርጋ» አለው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ—»

«ሌላውንም ክንድህን።»

ፋንታ ዘረጋ። ሐምዱ ከትከሻው እስከ መዳፉ ለካ፤ ከዳሌው እስከ ተረከዙ ለካ፤ በሲባጎው ላይ ቋጠሮ ቋጠረ።

«ከጉልበት በላይ ነው የተቆረጠው?»

«በላይ ነው።»

«ጉቶው መቀመጫ ላይ ሲያርፍ ያምሃል?»

«ሲበርድ ብቻ።»

ኸይራት የእንግዳውን መምጣት ሰምታ በዚህ መሐል ውሃና ዳቦ ይዛ ገባች። የወታደር ካፖርቱን ስታይ እጇ ላይ ያለውን ሳታስቀምጥ ቆመች። ከግንባር የተመለሰን ሰው ሁሉ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

«የኔ ልጅ፣ ሙሐመድሁሴን ሐምዱ የሚባል አታውቅም? ጠይም ነው፤ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው።»

ፋንታ አፉን ከፈተ። ሐምዱ ከሲባጎው ቀና ሳይል «ጦሩ ብዙ ነው፣ ኸይራት» አለ። «ሁሉም አይተዋወቅም።»

«ጦሩ ብዙ ነው፣ እናቴ» አለ ፋንታ።

«እንዲያው አንተ ስትገምት ምን ይሆን ይመስልሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ ሲጠፋ?»

ፋንታ ክራንቹን ይዞ ወለሉን አየ። «አርፎ ይሆናል፣ እናቴ» አለ።

ኸይራት ፊቷ ፈካ። ከግንባር ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ዕረፍት ላይ ሆኖ ነው የታያት። «አላህ ያሳርፈው፤ ደክሞት ይሆናል» አለችና ዳቦውን ቆርሳ በእጁ ሰጠችው። ሐምዱ ሌላውን ትርጉም ሰምቷል። ሲባጎው ላይ የቋጠረው የትኛው የክንድ፣ የትኛው የእግር እንደነበር ጠፋበትና እንደገና ከመጀመሪያው ለካ። ኸይራት ከሄደች በኋላ ልኩን ጨረሰ። ፋንታ ሲነሣ ሐምዱ «ታኅሣሥ ላይ አመጣልሃለሁ» አለው፤ ያ ብቻ ነው።

ሥራውን በማግስቱ ጀመረ። ከተሰባበሩ ብስክሌቶች ደኅና ደኅናውን ቱቦ መረጠ። የላይኛውን ቱቦ ዝቅ አድርጎ ከታችኛው ጋር ጎን ለጎን አስተኛው፤ አንድ እግር ብቻ ያለው ሰው እግሩን አሻግሮ መውጣት አይችልምና። እንቁላል እንዳይሰበር የኋላውን አስረዘመ፤ የፊቱን ሹካ ከወትሮው ይበልጥ ወደ ፊት አጎበጠው፤ መንገዱ ሲያነጥር ሹካው እንዲውጠው። በግራ በኩል ክራንቹ የሚገባበት ቀለበት አበጀ። የኋላውን ጥርስ ከጎማው መሐል ብረት ጋር በናስ አጣበቀው፤ ጎማው ሲዞር ፔዳሉ አብሮ እየዞረ እግሩን ከታች መልሶ ወደ ላይ እንዲያመጣለት። እጁ ሁሉንም ያውቀዋል። ሐሳቡ የት እንደነበር እሱም አያውቅ።

ያልታወቀው አንድ ነገር ነበር። በግራ በኩል ፔዳል የለም፤ ባዶው የፔዳል ክንድ ሲቀል ቀኙ ይከብዳል፤ አዟዟሩ ይንገጫገጫል። በባዶው ክንድ ጫፍ ላይ የብረት ሚዛን ማንጠልጠል ያስፈልጋል። ምን ያህል ብረት እንደሆነ በሐሳብ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ሐምዱ ግራ እግሩን ከጉልበቱ አጥፎ በገመድ ከጭኑ ጋር አሰረና በጠራራ ፀሐይ ብስክሌቱን ባዶው የገበያ ሜዳ ላይ አወጣው።

ወደቀ። ተነሣ፤ ብረቱን ቀየረ፤ እንደገና ወደቀ። በአጥሩ ዳር ሰው ተሰበሰበ። መሳቅ የጀመሩ ነበሩ፤ ግን ፊቱን ሲያዩ ተዉት፤ ፊቱ ላይ እልህም ሆነ እፍረት አልነበረም። አንዲት ጎረቤት ሮጣ ለኸይራት «ባልሽ አበደ» አለቻት። ኸይራት ስትደርስ ሐምዱ ከብስክሌቱ ሥር ወድቆ፣ ክርኑ ተልጦ፣ ገመዱን ለማላላት ይታገል ነበር።

«ምን ሆነሃል? በአላህ፣ ምን ሆነሃል?»

«ልጁ ሲወድቅ በየት በኩል እንደሚወድቅ ለማየት ነው።»

ኸይራት ባለችበት ቆመች። «የትኛው ልጅ?»

ሐምዱ ቀና ብሎ አያት። «የቢቸናው» አለ።

እሷም አጎንብሳ ገመዱን ፈታችለት። እግሩ ደንዝዞ ስለነበር ሊቆምበት አልቻለም፤ ትከሻዋን ይዞ እስኪመለስለት ድረስ ሁለቱ እዚያ ሜዳ መሐል ቆሙ። ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ብስክሌቱን የጭነት መኪና ላይ ጭኖ፣ ራሱም ከጆንያው ላይ ተቀምጦ ቢቸና ገባ። ይርጋነሽ ቤት አልገባም፤ «መጀመሪያ ይንዳው» አለ። ከከተማው ዳር፣ ጤፉ የታጨደበት ሜዳ ላይ አወጡት። አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ፋንታ ክራንቹን በቀለበቱ ውስጥ አስገባ፤ ተቀመጠ፤ ቀኝ እግሩን ፔዳሉ ላይ አድርጎ ማሰሪያውን አጠበቀ። ሐምዱ መቀመጫውን ከኋላ ይዞ ጥቂት ሄደለትና ለቀቀው።

ፋንታ ተንገዳገደ፤ መሪው ወዲያ ወዲህ አለ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ፔዳሉ በራሱ እየዞረ ሲመለስለት «ኧረ!» ብሎ ጮኸ። ሜዳውን ዞረ፤ ደግሞ ዞረ። ይርጋነሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች ወይም ታለቅሳለች፤ ከሩቅ አይለይም። ሐምዱ የሚያየው የብረቱን አዟዟር ነበር። ጥሩ ነው። አይንገጫገጭም።

ይርጋነሽ ምሳ ልታሰናዳ ወደ ቤት ስትሄድ ፋንታ መጥቶ ቆመ። ሳይወርድ፣ ክራንቹን ከቀለበቱ ስቦ መሬት አስደግፎ፣ ላቡ እየወረደ ተናገረ፤ ከወረደ የማይናገረው መስሎት ይሆናል።

«ጋሼ ሐምዱ፣ ሙሐመድሁሴን የለም።»

«አውቃለሁ።»

«በጥይት አይደለም። ናቅፋ ተራራ ላይ ምሽግ ውስጥ ሳለን ተቅማጥ ያዘው። ውሃው መጥፎ ነበር። ብዙ ልጆች ናቸው የሞቱት። መድኃኒት ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። እኔ የተመታሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

ሐምዱ አሻግሮ አየ። ከሜዳው ማዶ አንድ ሰው አህያ ይነዳ ነበር፤ አህያይቱ እየቆመች ታስቸግረዋለች።

«ማን ቀበረው?»

«እኛ። ድንጋይ ነው አገሩ፤ ብዙ አልቆፈርንም። እኔ የማውቀው የክርስቲያኑን ጸሎት ነው፤ አንድ የወሎ ልጅ ነበር፣ እሱ ሰገደበት።»

«ወደ ቂብላ አጋደማችሁት?»

«የወሎው ልጅ አሳየን።»

«ደግ አድርጋችኋል» አለ ሐምዱ። ከዚያ ተንበርክኮ ካቴናውን በጣቱ ጫን አድርጎ ሞከረው። «ይህ አዲስ ስለሆነ ይላላል። ሲላላ ጎማውን ወደ ኋላ ስበህ አጥብቀው።»

«እሺ፣ ጋሼ።» ፋንታ መሪውን እንደያዘ አቀረቀረ። «ለእናቱ ውሸት ተናገርሁ። በቅኔ ሸፈንሁት።»

«አልዋሸህም።»

ሐምዱ ከሰዓት በኋላ በሚመለሰው መኪና ብቻውን ሊሄድ ተነሣ። ይርጋነሽ የሆነውን ከወንድሟ ስትሰማ ተቆጣች። «መርዶ ሜዳ ላይ፣ ለአንድ ሰው፣ ብስክሌት ላይ ተቀምጠው ይነግሩታል? እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል?» አለችና ቤቷን ዘግታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «ጋሼ፣ ብቻዎን አይሄዱም። እኛም እንመጣለን። እናቲቱም እንደ ሰው ይነገራታል።» ፋንታም ክራንቹን ይዞ መጣ።

ሞጣ ሲደርሱ ሐምዱ ቤቱ አልገባም። ቀጥታ ኢማሙ ቤት ሄደ፤ ኢማሙም ጎረቤቶችን ጠራ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። በልማዱ መሠረት እዚያው አድረው ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ወደ ሐምዱ ቤት ሄዱ። ሐምዱ ከመካከላቸው ነበር። ወደ ኋላ ይቅር ወይስ ይግባ የነገረው የለም፤ እሱም አልጠየቀም፤ ከሰዉ ጋር መጥቶ በራሱ በር ላይ እንደ እንግዳ ቆመ።

ኸይራት ለሱብሒ ሰግዳ ገና ከመስገጃዋ መነሣቷ ነበር። በሩን ስትከፍት የቆመውን ሰው አየች። ኢማሙን አየች፤ የሴቶቹን የተዘቀዘቀ ልብስ አየች፤ ክራንቹን አየች። ከዚያ ባሏን አየችው።

«አንተም ከእነሱ ጋር ነህ?» አለችው።

ኢማሙ «ኢና ሊላሂ» ብለው ጀመሩ፤ ኸይራት ሌላውን አልሰማችም። ይርጋነሽ ቀድማ ደርሳ ያዘቻት፤ ሁለቱ አብረው ደፉ ላይ ወደቁ። ቤቱ ሙሉ ለቅሶ ሆነ። ሐምዱ አላለቀሰም። ሰደቃው እስኪወጣ ድረስ በወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ተቀበለ፤ «አላህ ያጽናህ» ሲሉት «አሚን» አለ፤ የሚሄደውን ሸኘ። «ወንድ ነው፤ ጠንካራ ነው» አሉ ሰዎቹ። እሱ ግን ጥንካሬ አልነበረም የተሰማው። ምንም አልተሰማውም፤ ያም ራሱ ሜዳ ላይ በገመድ እንዳሰረው እግሩ ነበር፤ የራሱ መሆኑን ያውቃል፣ ቢቆነጥጠው አያመውም።

ቀበሌው በይፋ የነገራቸው ነገር የለም። ያኔም፣ ከዚያ በኋላም።

ፋንታ ግን ነገደ። በአንድ እግር ብስክሌት የሚነዳ እንቁላል ነጋዴ አለ የሚለው ወሬ ከቢቸና በፍጥነት ወጣ። ከሉማሜ አንድ የቀድሞ አሥር አለቃ መጣ፤ ከአማኑኤል አባት ልጁን በበቅሎ አምጥቶ አስለካው፤ ከደብረ ኤልያስ ሁለት ባልንጀሮች መጡ፤ አንዱ ቀኝ እግር፣ አንዱ ግራ እግር የቀራቸው። ሐምዱ ለሁሉም ሠራ። ለእያንዳንዱ እግሩን እያሰረ ሜዳ ላይ ሞከረው፤ ቀኝ ለቀረለት ግራውን፣ ግራ ለቀረለት ቀኙን። ሰዉም ለመደው፤ አልፎት ይሄዳል። ዓመቱ ሲያልቅ ሁለት እግር ያላቸው ወጣቶች ጭምር «ቱቦው ዝቅ ያለውን፣ ሹካው የጎበጠውን ሥራልን» ይሉት ጀመር፤ ለመንዳት ይመቻል፣ ለዐይንም ያምራል እያሉ። «እሺ» አላቸው።

ፋንታ አንዳንድ ጊዜ ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ለጥገና ሞጣ ይመጣል። በመጣ ቁጥር ኸይራት ሥራውን እስኪጨርሱለት አትጠብቅም፤ ግቢው ውስጥ በርጩማ ሰጥታ ታስቀምጠውና ትጠይቀዋለች። ምን ይበሉ ነበር? ብርድ ልብስ ነበረው? ከማን ጋር ይተኛ ነበር? ያለፈው ጊዜ የጠየቀችውን ደግማ ትጠይቃለች፤ እሱም ሳይሰለች ይነግራታል፤ ያልነገራትም ካለ ያስታውስና ይጨምራል። ሐምዱ ከሱቁ ሆኖ ይሰማል። ሞረዱ ብረቱ ላይ እየሄደ ድምፁ ሲበረታ አይሰማም፤ ሲያርፍ ይሰማል።

በ1982 መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ፋንታ ሲያወራ ሐምዱ ሞረዱን ትቶ ወደ ግቢው ወጣ። ኸይራት ቀና ብላ አየችው፤ እንዲህ መሐል ላይ መጥቶ አያውቅም።

«ስለ እኔስ ምን ይል ነበር?» አለ።

ፋንታ አሰበ። «ብዙ አያወሩም ይል ነበር። ግን ሥራው ሲሳካልዎ ያፏጫሉ ይለን ነበር። ራሱ እያፏጨ ያሳየን ነበር፤ የጣሊያን ዜማ ነው ብሎ።»

«እኔ?» አለ ሐምዱ። «እኔ አላፏጭም።»

«ታፏጭ ነበር እኮ» አለች ኸይራት።

«መቼ?»

«ሁልጊዜ። ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።»

ሐምዱ ቆመ። ለማስታወስ ሞከረ፤ ዜማውን ፈለገ፤ አላገኘውም። ከዚያ ቀስ ብሎ ኸይራት አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና የብረት ብናኝ የነካ እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። «አሰማኝ» አለው ፋንታን።

ፋንታ ከንፈሩን አሹሎ ጀመረ፤ አልተሳካለትም፤ ሳቀ፤ እንደገና ጀመረ።

ከሱቁ በር ደንበኛ ተጣራ። መልስ ሲያጣ ደግሞ ተጣራ።

«ሰው ይጠራሃል» አለችው ኸይራት።

«ይጠብቅ» አለ ሐምዱ።